በጾም ያልተላሰው አጥንት

የካቲት 12 ቀን 2011፣ ማክሰኞ። ደባርቅ

ዛሬ እጁን ጨበጥሁት። ታጥቤ ነው ይህን የምጽፈው።

«ባንቺ!» አለኝ፣ እንደ ድሮው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ደብዳቤ ያልጻፈልኝ ሰው ትናንት የተለያየን ይመስል «ባንቺ፣ ምንም አልተለወጥሽም እኮ!» ይለኛል። አሁን ስሙ ዶክተር እንዳለው ነው። ሆዱ ወጥቷል፤ መነጽሩ ወፍሯል፤ ጫማው የሊማሊሞን ድንጋይ የሚያውቅ አይመስልም። «አንተ ግን ተለውጠሃል» አልሁት። ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልተናገርሁም።

ነገሩን ለራሴም ቢሆን በሥርዓት ላስቀምጠው፤ ስናደድ ሁሉም ይዘበራረቅብኛል። ሁለታችንም ተማሪዎች ሳለን እኔ አሥራ አራት ወር የፍየልና የዋልያ አጥንት ስለካ ኖርሁ። ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ጋር እየዞርሁ ገደል የጣለውን ዋልያ፣ ነብር በልቶ የተወውን ዋልያ፣ ከየመንደሩ ደግሞ የፍየል ቅልጥም ለቀምሁ። አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ሠንጠረዥ ሠራሁ። እሱ ጽሕፈት ያምርለታል፤ «ላስተካክልልሽ» ብሎ ወሰደው። በሁለተኛው ዓመት በውጭ አገር መጽሔት ላይ በስሙ ወጣ። እኔም ጨርሼ አልተረሳሁም። መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል «ወይዘሪት ባንቻየሁን ለመስተንግዶዋ አመሰግናለሁ» ይላል። ለመስተንግዶዬ! ሽሮ ሠርቼ አብልቼው ነበር፤ መቼም እውነት ነው።

አሁን የጃርት ዋሻ በሚባለው ቦታ የጥንት አጥንት ቁፋሮ አለቃ ሆኖ መጣ። እኔ በሱ ሥር የአጥንት ለቀማው ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። እናቴ «ምን አገባሽ እዚያ?» ብትለኝ «እንጀራ ነው» አልኋት። እንጀራ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ሥራው ተጀመረ። ዋሻው ከሊማሊሞ መንገድ ወርዶ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ የተረፈው በጆንያ ሆኖ በበቅሎ ተጭኖ ደባርቅ፣ እኛ ወደተከራየነው ቤት ይመጣል። እኔና ወርቄ ሰፌድ ላይ አፍስሰን እንለቅማለን።

ሰፌዱ የወርቄ ሐሳብ ነው። እንደኔው የዳባት ሰው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት። እዚህ እስክትመጣ ድረስ ከእህል ነጋዴ ግቢ ምስር ትለቅም ነበር። ምስር ውስጥ ጠጠር ስትለይ የኖረች ዓይን ጠጠር ውስጥ አጥንት ለመለየት ሦስት ቀን አልፈጀባትም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኋቸው ልጆች ሦስት ወር ይፈጅባቸው ነበር።

ዛሬ የምላሱን ፈተና አሳየኋት። ዘመን የቆጠረ አጥንት ውስጡ የነበረው ቅባት አልቆ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፤ ምላስ ሲነካው ይጣበቃል። የቅርብ ጊዜ አጥንት ይንሸራተታል። የትኛውም መሣሪያ ከዚህ አይፈጥንም።

«እትዬ ባንቻየሁ፣ ያዘኝ!» አለች ምላሷን ሳታስገባ።

«ይያዝሽ። የድሮ ነው ማለት ነው።»

«ስንት ዓመቱ ይሆን?»

«የታችኛው ንጣፍ አርባ ሺህ ይላሉ።»

«ወይኔ! በኔ አፍ!» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። መዝገባችን ላይ «ምላስ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከያዘ ራይት፣ ካልያዘ ኤክስ። ዛሬ ስድሳ ሁለት አጥንት ላስን። የአፌ ጣዕም የሸክላ ነው።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ስብሰባ። «የእኔ ሠንጠረዥ» አለ። ሦስት ጊዜ። ዓይኔን እያየ።

የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ትናንት ጾም ገባ። ወርቄ ዛሬ አጥንቱን በእጇ ይዛ አፏን ገጥማ ተቀመጠች።

«ምነው?»

«እትዬ፣ ጾም'ኮ ነው።»

«የአርባ ሺህ ዓመት አጥንት ምኑ ያስገድፋል?»

«እኔ እንጃ። አጥንት አጥንት ነው።»

ልስቅባት ስል እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንድ አጥንት እንዳልላስሁ ትዝ አለኝ። በምሳ ሰዓት አባ ወልደ ገብርኤል በበራችን ሲያልፉ ወርቄ ተንደርድራ ወጥታ መስቀል ተሳለመችና ጠየቀቻቸው። ጃንጥላቸውን ተደግፈው አሰቡ።

«የሞተበትን ዘመን ተይው» አሉ። «ሥጋ ለብሶ ነበር ወይ?»

«ለብሶ ነበር፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ? እስከ ፋሲካ ምላስሽን ሰብስቢ።»

በዚህ አለቀ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ክንዴም እዚያ ዋሻው ላይ የሚልስ ሰው የለም ብሎ ላከብኝ። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። እንዳለው በየዓርቡ መዝገቡን ለቁፋሮው ገንዘብ ለሚሰጡት ረጂዎች ይልካል፤ አንድ ዓምድ ባዶ ከሆነ ማሽኑ መስመሩን አልቀበልም ይላል። «ባዶ ቦታ እንዳላይ» ብሎናል። ስለዚህ ወርቄን «ሁሉንም ራይት አድርጊው፤ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ቁጭ ብለን እንልሳቸዋለን» አልኋት። አጥንቱ የትም አይሄድ።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ግርግር ነው፤ በአጭሩ።

ክንዴ አንድ ቅልጥም በበቅሎ ሳይጭን በነጠላው ጠቅልሎ በእቅፉ ይዞ መጣ። ከታችኛው ንጣፍ ነው የወጣው። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ምልክት አለው። እንዳለው ከኋላ እያለከለከ ገባ፣ ለካው፣ ሠንጠረዡን ገለጠ፣ «ዋልያ!» ብሎ ጮኸ። «ሰው የቆረጠው ዋልያ! ከአርባ ሺህ ዓመት በፊት! በዚህ ከፍታ!» አቀፈኝ። ሽቶው አሁንም ሹራቤ ላይ አለ።

ክንዴ በር ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ አፈሩ እዚያ ጋ የላላ ነበር። የጃርት ጉድጓድ እንዳይሆን» አለ።

«ክንዴ፣ አንተ ቆፍር። ማሰቡን ለኛ ተወው።»

ክንዴ ቆቡን አስተካክሎ ወጣ። እኔ አንድ ቃል ልናገርለት ይገባ ነበር፤ አልተናገርሁም። ወርቄ ቁጥር ሰጠችው፤ 417። መዝገቡንም እንደሌሎቹ ሞላችው።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ከሰዓት ብቻዬን ነበርሁ። 417ን መስኮቱ ጋ ይዤ ተቀመጥሁ።

ቁርጡ ቅልጥሙን ዙሪያውን ይዞራል። ቀጭን ነው፤ አንድ መስመር ነው። ድንጋይ እንዲህ አይቆርጥም፤ ድንጋይ ይቧጭራል፣ ከመስመሩ ጎን ትንንሽ ጭረት ይተዋል። ይህ ብረት ነው። ብረት መሆኑም ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን አውቀዋለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አቁማዳ ይሠራ ነበር። ለአቁማዳ የታረደ ፍየል ሆዱ አይሰነጠቅም፤ ቆዳው እንደ ሱሪ ተጎትቶ ነው የሚወልቀው። ለዚያ አስቀድሞ ቢላዋው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ዙሪያውን ይሄዳል። ልጅ ሆኜ እግሩን ይዤለት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አባቴ ሲቸኩል አጥንቱን ይነካው ነበር፤ ልክ እንደዚህ።

ክንዴም ልክ ነው። ጃርት ጥርሷን ልትሞርድበት አጥንት እየጎተተች ጉድጓዷ ታገባለች። የዛሬ ሰማንያ፣ ምናልባት መቶ ዓመት አንዱ ገበሬ ገፎ የጣለው የፍየል ቅልጥም ነው። አፈሩ አጥቁሮታል እንጂ አላረጀም።

መጠኑስ? መጠኑ እውነትም ሠንጠረዡ ላይ ዋልያ ጋ ይወድቃል። ነገር ግን ትልቅ የፍየል ሙክትና ሴት ዋልያ እዚያ ድንበር ላይ እንደሚገናኙ አውቃለሁ። «እዚህ ላይ በልኬት ብቻ አትፍረድ» ብዬ በራሴ ደብተር ጽፌዋለሁ። ያ ደብተር አልተሰረቀም። ሰውየው ሠንጠረዡን ወሰደ፤ ማስጠንቀቂያውን እኔ ጋ ትቶት ሄደ!

ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ሰው ይኖር እንደሆነ በመስኮት አየሁ። ማንም የለም።

ልነግረው እችላለሁ። አሁን ተሻግሬ እሱ ያረፈበት ሆቴል በር ላይ «እንዳለው፣ ፍየል ነው» ብለው ያመሰግነኛል። ከዚያስ? ከዚያ በሚጽፈው ጽሑፍ ስር በትንንሽ ፊደል ለመስተንግዶዬ ይከፍለኛል። አልነግረውም። ይናገር። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ይናገር።

ምላሴ ላይ ባደርገው በአንድ ቅጽበት ይለይ ነበር። ጾም ነው። ደግሞስ ማን ቸኮለ?

መጋቢት 8፣ እሑድ። ዳባት

እናቴ ወለተ ሥላሴ ከቅዳሴ መልስ ፊቴን አተኩራ አየችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የበራሽ?»

«ጾሙ ይሆናል።»

«ጾም እንዲህ አያበራም። ልጄ፣ ያ ሰውዬ ነው?»

ለእናቴ መዋሸት አይሆንልኝም፤ ግማሹን ነገርኋት። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ።

«እኔ የምጸልይ መሰለሽ?»

«ለፋሲካ አብረን እንቆርባለን ብለሽኝ ነበር።»

«ከዚያ በፊት ያልቃል፣ እማ።»

«ቂም መቼ ያልቅና?» አለች። እሷ ምን ታውቃለች? የሷን ሥራ ማንም ሰርቋት አያውቅም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ወርቄ ዛሬ 417ን ከሳጥኑ አውጥታ በመዳፏ ስትመዝነው አገኘኋት።

«እትዬ፣ ይኸ ከባድ ነው።»

«ከምን የከበደ?»

«ከወንድሞቹ። ደግሞ ይስሙት» ብላ ሌላ አጥንት ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አንኳኳች፤ እንደ ገል ጮኸ። 417ን አንኳኳች፤ እንደ እንጨት። «ይኸ የድሮ አይመስለኝም። እኔ ግን ራይት አድርጌበታለሁ። ዶክተርን ልንገራቸው?»

አምስት ወር ያልሞላው ሥልጠና! በጆሮዋ ደረሰችበት። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ፍርሃት።

«እኔ እነግረዋለሁ» አልኋት። «አንቺ እንዳትናገሪ። የራስሽን ሥራ ሥሪ።»

«እሺ እትዬ። እርስዎ ካሉ» ብላ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።

(አምስት ወር ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ወርም አልሞላት።)

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ግብዣው ወጣ። መጋቢት 28፣ ቅዳሜ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ የሆቴሉ አዳራሽ። ሹማምንት፣ ቴሌቪዥን፣ ከውጭ ሁለት ፕሮፌሰሮች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ቄሶች። ከ417 የተቆረጠች ናሙና ለዘመን ምርመራ ወደ ውጭ ተልካለች፤ ውጤቱ በግንቦት ነው። «ግንቦትን ማን ይጠብቃል!» አለ።

አሥራ ሁለት ቀን።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ከፓርኩ ጭስ ይታያል። የጓሳው ሣር እየነደደ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ቅጠል ይዘው ሊያጠፉ ወጡ፤ ክንዴም ሄደ፤ ቁፋሮው ቆመ። ዓይን ያቃጥላል። እንዳለው በስልክ «ቴሌቪዥኖቹ ወደ እሳቱ እንዳይሄዱብን» ይላል። ሰው ተራራ ይነድበታል፣ እሱ ካሜራ ይቆጥራል! እኔስ? እኔም ስምንት ቀን ቀረ እያልሁ ነበር።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ሁለት ነገር።

ጠዋት ወርቄ «ነገሯቸው እንዴ?» አለችኝ። «ነገርሁት» አልሁ። «ምን አሉ?» «አስብበታለሁ አለ።» ደስ አላት። «እንኳን ነገሯቸው፤ ሰው ፊት ቢዋረዱ ያሳዝናሉ» አለች። ያሳዝናሉ! ይህች ሴት ስለ ሰው የምታዝነው ከየት አምጥታ ነው?

ከሰዓት እንዳለው ጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን በማንኪያ ብዙ አማሰለ፤ ስኳር ግን አልጨመረም።

«ባንቺ፣ ቅዳሜ ፊት ለፊት ተቀመጪ። ስምሽን አነሣለሁ።»

«ለምን?»

«ታውቂዋለሽ ለምን።»

«አላውቅም። አንተ ንገረኝ።»

«ሠንጠረዡ ያንቺ ነው» አለ ወደ ሻዩ። «ያኔ ልጅ ነበርሁ። ፈርቼ ነበር። ከዚያ እየቆየ ሲሄድ ለመናገር የበለጠ የሚያስፈራ ሆነ።»

ሻዬን ሳልጠጣ ተነሣሁ። አሥራ አንድ ዓመት አርፍዶ መጥቶ የተከፈተ በር ይጠብቃል። ከመውጣቴ በፊት ግን ቆም አልሁ። ስለ ፍየሉ ልነግረው የነበረው ያኔ ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዛሬም ያልነገርሁት እሱ ሊጠይቀኝ ስለሚገባ ነው፤ አጥንቱን የማውቀው እኔ መሆኔን ካመነ «አንቺስ ምን ታያለሽ?» ይበለኝ። አላለኝም።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፍ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ፤ ወርቄ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከጎኔ። 417 መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት በመስታወት ሥር ተቀምጧል። እንዳለው ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ድሮም ነበር። ገና ከመጀመሩ «ፍየልን ከዋልያ የምንለይበትን ሠንጠረዥ የሠራችው እዚህ የተቀመጠችው ባንቻየሁ ናት። በስሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታዋን እጠይቃለሁ» አለ።

ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ልጻፍ፤ ተቀምጬ ልቀር ነበር። ወርቄ እጄን ጨብጣኝ ነበር። ከዚያ «በዚህችው በባንቻየሁ ሠንጠረዥ ዛሬ ለዓለም የምናበሥረው…» ብሎ 417ን ከፍ አደረገ። በስሜ! ስሕተቱ ላይ ሊለጥፈኝ! ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልሁ። «አጥንቱን የአገር ሽማግሌዎቹ ይዩት።»

ፈገግ አለ። ያከበርኋቸው መስሎታል። ራሱ ወርዶ በሁለት እጁ ለአያ ገሠሠ ሰጣቸው። አያ ገሠሠ ሰማንያ የዘለሉ፣ ቡይት ራስ ከሚባለው መንደር የመጡ ገበሬ ናቸው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያውን ተከተሉት።

«ልጄ» አሉ፣ «ይች'ኮ የፍየል ቅልጥም ናት።»

«አይ አባቴ፣ ዋልያ ነው።»

«ኧረግ! እኔ ዋልያ የማላውቅ ሆኜ ነው? ለአቁማዳ የተገፈፈች ፍየል ናት። ይኸው የቢላዋው ዙሪያ። ገፋፊውም ጥሩ ገፋፊ አልነበረ፤ አጥንት ነክቷል።» ለጎረቤታቸው አቀበሉ። ጎረቤትየው አይቶ ለጎረቤቱ አቀበለ። አንዱ «የማን አቁማዳ ይሆን?» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካሜራው ይቀርጻል።

ከፕሮፌሰሮቹ አንዷ በአስተርጓሚ «የምላስ ፈተና ተደርጎ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እንዳለው ኮምፒውተሩን ከፈተ። «ተደርጓል፤ ይዟል» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። ከዚያ ያላሰብሁትን አደረገ። አጥንቱን ተቀብሎ፣ ቄሶቹ ፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ ምላሱ ላይ አደረገው። አባ ወልደ ገብርኤል ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አጥንቱ ተንሸራተተ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከረ። ተንሸራተተ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይህን ፊት ነው። አየሁት። በደንብ አየሁት።

«ራይት ያደረገው ማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ፕሮፌሰሯም ብዕሯን ይዛ ጠበቀች።

«የእጅ ጽሑፉ የወርቄ ነው» አልሁ።

ውሸት አልተናገርሁም። መዝገቡ ይመስክር፤ የእጅ ጽሑፉ የሷ ነው። ወርቄ እጄን ለቀቀችው። አፌ አፌን ታይ ነበር፣ ገና ያልጨረስሁት ዓረፍተ ነገር ያለ ይመስል። ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም።

መጋቢት 29፣ እሑድ

እንዳለው በጠዋት መኪና ሄደ። ሻንጣውን ሲጭን በር ላይ አገኘኝ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሱንም ሌሊቱን አዘጋጅቼዋለሁ።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አንተም ታውቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት።»

ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስታወቱን ዝቅ አደረገና «ወርቄን ግን አትንኳት። እሷ የታዘዘችውን ነው የምታደርግ» አለ። ዛሬ ደግሞ ጻድቅ ሆነ!

ድል ነው። ምሳ መብላት ግን አቃተኝ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ደብዳቤ ከአዲስ አበባ፣ ቁፋሮውን ከሚመራው መሥሪያ ቤት። እስከ ክረምት ተጠባባቂ ኃላፊ እኔ ነኝ። ሠንጠረዡም ታርሞ በስሜ ይወጣል። ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ሁለተኛ ገጽ አለው። «ሳትፈትን ምልክት ያደረገችው ሠራተኛ ትሰናበት። የስንብት ደብዳቤውን ተጠባባቂ ኃላፊዋ ትፈርማለች።»

ወርቄ ዛሬም መጥታ ሰፌዷ ላይ ተቀምጣለች። ትለቅማለች። እትዬም አላለችኝ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ልጽፍላቸው አስቤ ነበር። «በጾሙ ምክንያት፣ ማሽኑም ባዶ ስለማይቀበል፣ ለጊዜው ምልክት ይደረግ ተብሎ…» ብዬ ጀመርሁ። ተብሎ። ማን ብሎ? በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይናገር ነበር፤ አባም ተናግረዋል፣ ክንዴም ልኳል፣ እንዳለውም ባዶ እንዳላይ ብሏል። እኔ በቃል ምን እንዳልሁ በትክክል አላስታውስም። ወረቀቱን ቀደድሁት።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ፈረምሁ። ባልፈርም ሌላ ሰው ይፈርም ነበር፤ ሌላ ሰው ደግሞ እንደኔ አያዝንላትም።

ደብዳቤውን ስሰጣት ቆማ አነበበችው። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። «እዚህ ጋ "በራሷ ፈቃድ" ይላል» አለች በጣቷ እያሳየችኝ።

«የደብዳቤ አጻጻፍ ነው።»

«ከፋሲካ በኋላ እንልሳቸዋለን ብለውኝ ነበር።»

«ወርቄ፣ ጊዜ ስጭኝ። ነገሩ ሲበርድ እመልስሻለሁ።»

ደብዳቤውን አራት አጥፋ ጡቷ ሥር አገባችው። «ጊዜማ ሞልቶ» አለች።

ሚያዝያ 20፣ የፋሲካ ዕለት። ዳባት

እናቴ ቆረበች። እኔ አልቆረብሁም። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ። ዳባት

ወርቄ ቤት ሄድሁ። ማንም ሂጂ አላለኝም። ጥሩ የሥራ ልምድ ጽፌላታለሁ፤ ማኅተም ያለበት፣ «ታታሪና ጠንቃቃ» የሚል። ከገበያው ጀርባ ነው ቤቷ። ወደ እህል ነጋዴው ተመልሳለች፤ ዛሬ ግን ምስሩን ቤቷ አምጥታ ከልጇ ጋር ደጃፍ ላይ ይለቅማሉ።

ተነሥታ ተቀበለችኝ። መደቡን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አነበበች፣ አመሰገነች። ቂም ያለባት አትመስልም። ልቤ አረፈ። ለመስከረም ቁፋሮው ሲከፈት ልመልሳት እንደምሞክር እየነገርኋት ሳለ ልጅቱ ቀና አለች።

«እማ፣ ማናት?»

«ባንቻየሁ ትባላለች» አለች ወርቄ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ በትሕትና፣ «የአባትዎ ስም ማን ነበር?» አለችኝ።

«ታገኘ» አልሁ። ለምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ ከተናገርሁ በኋላ ነው። በእኛ አገር ባሏ የተገደለባት እናት ለልጇ የገዳዩን ስም ከነአባቱ ነው የምታስጠናው፤ ባንቻየሁ የሚባል ብዙ አለና እንዳይሳሳት።

«ባንቻየሁ ታገኘ» አለቻት ለልጇ። «ስሟን ያዥው።»

ልጅቱ ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ እጇ ምስሩን ሳይለቅ። ወርቄ ራሷን ነቀነቀችና «ጎበዝ» አለቻት። ከዚያ ውሃ ላምጣልዎ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስሁት። ልጅቱን ዕድሜዋን ጠይቄያት ነበር፤ ዘጠኝ ነው። የኔው አሥራ አንድ ዓመት ቢጨመርበት ሃያ ይሆናታል። እኔ ያኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ።